ለጎመን አላለቀስኩም

በደሉ ይህ ነው፤ ሌላ ነገር ከማውራቴ በፊት ይመዝገብልኝ። ለሽምግልና ተመርጬ ከተቀመጥኩበት ወንበር ሳልጠየቅ ተነሳሁ። መነሳቴ አይደለም የከፋኝ። ሽማግሌ ይነሳል፤ ባለጉዳይ «እኚህን አልፈልግም» የማለት መብት አለው። ነገር ግን እኔ በማውቀው ደንብ ሽማግሌ ከመነሳቱ በፊት ይጠየቃል። ዝምድና እንዳለው፣ ቂም እንዳለው፣ ወደ አንዱ ወገን አድልቶ እንደሆነ ይጠየቃል፤ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ይቀመጥ ወይም ይነሳ የሚባለው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ዓይኔ ውሃ ሲያወርድ አዩ፣ አለቀሰች አሉ፣ አስነሱኝ።

እኔ ደግሞ አላለቀስኩም ነበር።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከልጄ፣ ከምራቴና ከልጆቻቸው ጋር ነው። ከዚያ በፊት ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ወሎ ሰፈር ነበር፤ ቤታችን ለልማት ሲፈርስ ነው ወደዚህ የመጣነው። ወሎ ሰፈር ሳለሁ ሰው ሲጣላ እኔ እጠራ ነበር። ትምህርቴ ትንሽ ነው፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ልጅ አዝዬ ነው። ሁለት ሰው ሲከራከር ግን የትኛው እያድበሰበሰ እንደሆነ ይገባኛል። ባለ ጋራዡ ከጎረቤቱ ሲጣላ፣ አከራይና ተከራይ ሲካሰሱ፣ ሹፌርና ረዳት መሀል መንገድ ላይ ሲተናነቁ «እማማን ጥሯቸው» ይባል ነበር። ሽማግሌነት የወንድ ነው የሚል ሲመጣ «እንግዲያው ወንዶቹ ያስታርቋችሁ» ብዬ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ብዙም ሳይቆይ በሬ ይንኳኳል።

አባዶ ስንመጣ ግን ማንም አያውቀኝም። ቦታው ድሮ እርሻ ነበር አሉ፤ አሁን ሕንፃ በሕንፃ ነው፤ ነዋሪውም ከየሰፈሩ ተለቃቅሞ የመጣ ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ የሚመሰክርልኝ የለም። ስለዚህ የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ቤቴ ድረስ መጥቶ «የመሀል ሽማግሌ ይሁኑልን» ሲለኝ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። እንደገና ሰው የሆንኩ ያህል ተሰማኝ።

ጠቡ እንዲህ ነው። ከብሎካችን ፊት ለፊት አንዲት ቁራሽ መሬት አለች። ምድር ቤት የሚኖር አንድ ጡረተኛ ሹፌር አሮጌ መኪናውን እዚያ ያቆም ነበር። መኪናዋ ተበላሽታ ጋራዥ ከረመች። በዚያ መሀል ከእሱ በር ትይዩ የምትኖረው አስተማሪ መሬቷን ቆፍራ ጎመን ተከለችባት። መኪናዋ ተሠርታ ስትመለስ ጎመኑ ጉልበት ደርሷል። እሱ «ቦታዬን ተቀማሁ» አለ። እሷ «የጋራ መሬት ነው፤ ቆሻሻ ከሚጣልበት አለማሁት» አለች። ጠዋት ሲገናኙ ሰላምታው ቀርቶ ስድብ ሆነ። በመጨረሻ እሱ የራሱን ሽማግሌ መረጠ፣ እሷም የራሷን መረጠች፣ የመሀሏ እኔ ሆንኩ።

የተቀመጥነው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ በሁለት ብሎኮች መካከል ሜዳ ላይ ነው። አባዶን የሚያውቅ ያንን ነፋስ ያውቀዋል። በሕንፃዎቹ መሀል እንደ ቱቦ ይገባና አቧራውን አንስቶ ፊት ላይ ይደፋዋል። መጀመሪያ ሹፌሩ ተናገረ። የተቀመጠው በቀኜ በኩል ስለነበር ነፋሱን ጀርባዬ ላይ አድርጌ በደንብ ሰማሁት። ቀጥሎ አስተማሪዋ ተናገረች። እሷ ደግሞ የተቀመጠችው ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ነው። ሰው ሲናገር ፊቱን ማየት አለብኝ፤ ፊት ሳላይ መፍረድ አልወድም። ወደ እሷ ዞርኩ። ዓይኔ ወዲያው ተለበለበ፤ ከዚያ ውሃው መጣ። በጉንጬ ወርዶ፣ አገጬን አልፎ ነጠላዬን አረጠበው።

አስተማሪዋ በዚያ ሰዓት የምታወራው ስለ ፍግ ነበር። በኬሻ አስመጥታ እንዴት እንደበተነችው።

«ይኸው!» አለ ሹፌሩ ብድግ ብሎ። «እማማ ለጎመኑ አለቀሱለት!»

ሰው ሳቀ። በረንዳ ላይ ሆነው የሚያዩት ሳይቀሩ ሳቁ።

«ፍርዱ በእንባ አለቀ እኮ፤ እኔ ምን ቀረኝ? ሰብሳቢ፣ እኚህ እናት ይነሱልኝ።»

ሰብሳቢው ጨዋ ሰው ነው። መጥቶ ክንዴን ያዘና «እማማ፣ እርስዎ ይረፉ። ሆድዎ ባባ» አለኝ።

«ሆዴ አልባባም! ዓይኔ ነው!»

«አዎ፣ አዎ፣ ገብቶናል» አለኝ፤ እንቅልፍ እንቢ ያለ ሕፃን እንደሚያባብል። አንዷ ሶፍት ሰጠችኝ። ይባስ ብሎ አስተማሪዋ ራሷ መጥታ ትከሻዬን አቀፈችና «አይዞዎት እማማ፣ ጎመን ነው እኮ» አለች። ከእሷ እቅፍ በኋላ ማን ያምነኛል?

በልብሽ የነበረውን እዚያው ለምን አልተናገርሽም የሚለኝ ይኖራል። ሽማግሌ ባለጉዳዮቹ ዞር በሉ ተብለው፣ ከጓደኞቹ ጋር ለብቻው እስኪመክር ድረስ ሐሳቡን አያወጣም። ብናገር ወንበሩ ይመለስልኝ ነበር፤ ደንቡ ግን ይፈርስ ነበር። በልቤ የነበረው ወደ አስተማሪዋ ያዘነበለ እንዳልነበር ብቻ እዚህ ላስቀምጥ። ከዚህ በላይ ዛሬም አልናገርም።

በእኔ ቦታ ሌላ ሰው ተቀመጠ። ተፈረደ። ጎመኑ ባለበት ጸና፤ ያስነሳኝ ሰው ተረታ፤ መኪናውንም አስፋልት ዳር ማቆም ጀመረ። እኔ ደግሞ «የጎመኗ አልቃሽ» የሚል ስም ወጣልኝ።

ዓይኔ ማንባት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ጠዋት ስነሳ ሽፋሽፍቴ በዓይናር ተጣብቆ በጣቴ ነው የማላቅቀው። ቀን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። ዳዊት ስደግም ፊደሉ ይደበዝዝብኛል፤ ሳርገበግበው ይጠራል፤ መልሶ ይደበዝዛል። ከቤት ከወጣሁ ደግሞ ያነባል። ታክሲ ውስጥ ያነባል፤ ረዳቱ «አይዞዎት እናት፣ ያልፋል» ይለኛል። ሰርግ ላይ ያነባል፤ ሙሽራዋ ዘመዴ ትመስላቸዋለች። አንድ ጊዜ በሕይወቱ አይቼው ለማላውቀው ሰው ለቅሶ ደርሼ፣ ድንኳን ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት ሴቶች «ምን ያለች አዛኝ ናት» ሲባባሉ ሰማሁ። አፈርኩ። ባላለቀስኩት ለቅሶ መመስገን የሰው ዕቃ ይዞ እንደ መሄድ ነው የሚከብደኝ።

መድኃኒት ያላዘዘልኝ ሰው የለም። ጠበል ተጠመቅኩ፤ ጠበሉን አልነቅፍም፣ ነፍሴን አሳርፎልኛል። አንዷ የሻይ ውሃ አለች፤ ሌላዋ የጤና አዳም ጭማቂ አለች፤ ያ ጭማቂ የገባ ቀን ያየሁትን ለጠላቴም አልመኝ። ሌላዋ ደግሞ ለራሷ የታዘዘ ጠብታ ነበራት፤ ከቦርሳዋ አውጥታ እዚያው ደረጃ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። ሁሉም በፍቅር ነው ያደረጉት። ሁሉም «ይድናል» አሉኝ።

ሐኪም ጋ ያስኬደችኝ ምራቴ ናት። ስለ እሷ ትንሽ ልጻፍ። የመጣችው ከደቡብ ነው፤ የእሷ ቤተ ክርስቲያን ሌላ፣ የእኔ ሌላ ነው። ልጄ ሲያገባት አኩርፌ ነበር፤ እሷ ግን ኩርፊያዬን እንደ ዝናብ ቆማ አሳለፈችው። ቦሌ ቢሮ ትሠራለች፤ ጎህ ሳይቀድ ለታክሲ ሰልፍ ትወጣለች፤ ስትመለስ እግሯ አብጦ ነው። ከጎመኑ ጉዳይ በኋላ ምግብ ቀንሼ፣ ከቤት አልወጣም ብዬ ስቀመጥ አንድ ማታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ቦሌ ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«ሐኪም ምን ይለኛል? እርጅና ነው ይለኛል።»

«እርጅና ነው ካለ መንገድ ላይ እየተጨቃጨቅን እንመለሳለን። ካላለ ደግሞ ያተርፋሉ።»

«ሥራሽስ?»

«አስፈቅጃለሁ።»

ሳትጠይቀኝ አስፈቅዳለች። በሌላ ጊዜ ቢሆን በዚህም እጣላት ነበር።

ከአባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ቦሌ ሄድን። ክሊኒኩ ባለ መስታወት ሕንፃ ላይ ነው፤ ከሥሩ ካፌ፣ ከጎኑ የልብስ ሱቅ። ዶክተሯን ሳያት ልጅ ናት፤ ስኒከር ያደረገች፣ ከምራቴም የምታንስ። በልቤ «ይቺ ደግሞ ምን ታውቃለች» አልኩ። ምራቴ «ዓይናቸው ሁልጊዜ…» ብላ ስትጀምር ዶክተሯ እጇን ዝቅ አድርጋ አሳየቻት።

«ይቅርታ፣ መጀመሪያ ከእሳቸው ልስማ። ከዚያ አንቺን እጠይቅሻለሁ።»

ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ይህንን ነገር አውቀዋለሁ፤ እኔ ሁለት ሰው ሳስታርቅ የማደርገው ነው።

«እማማ፣ የሚብሰው ጠዋት ነው ወይስ ማታ? መንገድ ላይ ወይስ ቤት ውስጥ? መጽሐፍ ሲያነቡስ? ነፋስ ሲነካዎትስ? ይቆረቁራል ወይስ ያሳክካል? እስካሁን ምን ምን ጨመሩበት? አልቆጣም፣ ሁሉንም ይንገሩኝ።»

ጠየቀች፤ ጠይቃም ጠበቀች። ስመልስ አላቋረጠችኝም። የጤና አዳሙን ነገር ስነግራት ከንፈሯን ነከሰች። የደረጃውን ጠብታ ስነግራት ግን «የሌላ ሰው ጠብታ ዳግመኛ ዓይንዎ ጋ እንዳይደርስ» አለች፤ ያኔ ብቻ ነው ድምጿ ጠንከር ያለው። ቀጥላ እንባዬን ልትለካ ቀጭን ወረቀት ከታችኛው የዓይኔ ቆብ ላይ፣ በሁለቱም በኩል፣ አንጠለጠለችና እንድጠብቅ ነገረችኝ። ወረቀት ከዓይኔ ተንጠልጥሎ እንደ ሐውልት ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ዋጋ የተለጠፈብዎት መሰሉ» አለች ምራቴ።

«አታስቂኝ፣ ይወድቃል።»

ቀጥሎ ቢጫ ቀለም ጠብ አድርጋ በሰማያዊ መብራት አየችው። አገጬን አስደግፋ የዓይኔን ቆብ ጠርዝ ጫን ጫን አደረገችና በመስታወቷ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። በመጨረሻ መብራቱን አብርታ ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«እማማ፣ ዓይንዎ ደርቋል።»

ደሜ ፈላ። «የኔ ልጅ፣ ዓይን አለሽ? ይሄ በጉንጬ የሚወርደው ታዲያ ምንድን ነው? አረቄ ነው?»

መነጽሯን አውልቃ እስክትጠርገው ድረስ ሳቀች። ግን አልናቀችኝም፤ ልዩነቱን አውቃለሁ። ከዚያ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። «ደህና እንባ ውሃ ብቻ አይደለም፤ ላዩ ላይ ቅባት አለው። ውሃውን ዓይን ላይ የሚያቆየው ያ ቅባት ነው። ቅባቱ የሚወጣው በቆቡ ጠርዝ ላይ ካሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች ነው፤ የእርስዎ ተደፍነዋል። ስጫናቸው እንደ ዘይት መውጣት ሲገባው እንደ ጥርስ ሳሙና ወፍሮ ነው የወጣው። ቅባት ከሌለ እንባው ቶሎ ይተናል፤ ዓይን ይደርቅና ይቃጠላል። ሲቃጠል ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ውሃ ይለቃል። ያም ውሃ ቅባት የለውም፣ አይቆይም፤ በጉንጭ ወርዶ ያልቃል። ዓይኑ መልሶ ይደርቃል።»

«እንግዲያው እያለቀስኩ አይደለም።»

«አይደለም እማማ። ዓይንዎ ራሱን እየተከላከለ ነው።»

ያኔ ለቅሶው መጣብኝ። ዶክተሯ ጠብታውን ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ «ተይው፣ ይሄኛው የእኔ ነው» አልኳት። ሶፍት አቀበለችኝና ወደ ወረቀቷ ዞር ብላ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ይድናል?» አልኳት ቆይቼ።

«ይድናል ብልዎት እዋሻለሁ። ሲሄድ ሲመጣ የሚኖር ነገር ነው። በየቀኑ ከሠሩበት ዝም ይላል፤ ከተዉት ይመለሳል። ጠብታ ብቻውን አይበቃም፤ ሥራ ነው።»

ይህችን ልጅ ያደነቅኳት ያኔ ነው። ደስ የሚያሰኘኝን ቃል ታውቀዋለች፤ ምላሷ ላይ ነበር፤ አልሰጠችኝም። እኔም ስንት ሰው አስታርቄ፣ ከሽማግሌ አፍ ለመውጣት የሚከብደው ይህ ዓይነቱ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ።

የጎመኑን ታሪክ ነገርኳት። ስትሰማ እሷም ተናደደች። «ወረቀት ልጻፍልዎት? ሕመም እንጂ ለቅሶ አይደለም ብዬ፣ ማኅተም አድርጌ?» እስክሪብቶዋን አነሳች። አልክድም፣ ወረቀቱን በሰብሳቢው አፍንጫ ሥር ስዘረጋው ታየኝ። ግን አይሆንም።

«ተይው የኔ ልጅ። ወረቀት ይዤ ብሄድ የሚያምኑት ወረቀቱን ነው። እኔን አሁንም አልጠየቁኝም ማለት ነው።»

ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶዋን ከደነች። «ልክ ነዎት» አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋቴ ተለወጠ። ምራቴ ከመውጣቷ በፊት ውሃ አፍልታ በፔርሙዝ ታስቀምጣለች። ንጹህ ጨርቅ ነክራ፣ ጨምቃ፣ መጀመሪያ በራሷ የተዘጋ ዓይን ላይ ታደርገዋለች። ሙቀቱ ልክ ሲሆን ነው ወደ እኔ የምታዞረው። አንድ ቀን «ለምን በእጅሽ አትለኪውም?» ብላት «እጄ ዕቃ ሲያጥብ የኖረ ነው፣ አይሰማውም፤ ዓይን ግን እንደ ዓይን ነው» አለችኝ። ስንት ዓመት በጸሎት ቤት ጉዳይ ስንጣላ የኖርን ሰዎች ነን፤ ይህን የምታደርገው ግን ሳታማርርና ሳትናገርበት ነው። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ ይቀየራል። ከዚያ የዓይኔን ቆብ በጣቴ፣ የላይኛውን ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ ቀስ አድርጌ አሻለሁ፤ ሽፋሽፍቴን እጠርጋለሁ፤ በመጨረሻ ጠብታዬን አደርጋለሁ።

ሌላም ተምሬአለሁ። ለካ ሳነብ ዓይኔን ማርገብገብ እረሳለሁ። ዶክተሯ ስለነገረችኝ ዳዊት ስደግም መሥመር በጨረስኩ ቁጥር ከድኜ እከፍታለሁ። ይህንንም የምጽፈው እንዲሁ ነው፤ ጥቂት ጽፌ ዓይኔን ከድኜ አርፋለሁ፤ ሲቀለኝ እቀጥላለሁ። ለነፋሱ ጎን ለጎን የሚሸፍን ትልቅ ጥቁር መነጽር ገዛልኝ ልጄ። የልጅ ልጄ መጀመሪያ ስታየኝ «አያቴ፣ አራዳ ሆንሽ!» ብላ መሬት ላይ ተንከባለለች። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ አልቀመጥም። አንድ ቀን ቦታ ጠፍቶ እዚያ ተቀመጥኩና «ረዳት፣ መስኮቱን ዝጋልኝ» አልኩ።

«እማማ፣ ሙቀት ነው እኮ፣ ሰው ይታፈናል።»

«እንግዲያው ቦታ ቀይረኝ። ለሰው ሙቀት ብዬ ዓይኔን አልሰጥም፤ ለዓይኔ ብዬም ሰው አላፍንም።»

«በሕግ አምላክ! ለእማማ ቦታ ልቀቁ!» አለ፤ ታክሲው በሙሉ ሳቀ። መሀል ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ተነስቶ ቦታ ተለዋወጠኝ።

ዓይኔ አልዳነም። መንገድ ሲቆፈር፣ አቧራ ሲነሳ፣ አንድ ጠዋት ጨርቁን ሳላደርግ ስቀር ተመልሶ ይመጣል። ግን አሁን የማውቀው ነገር ነው፤ አብሮኝ ይኖራል፣ አያዝዘኝም።

የወንበሩ ነገር ግን አልተወኝም። ብሎኩ በተሰበሰበ ቁጥር እጄን አወጣለሁ። «ያን ጊዜ ሳልጠየቅ ለምን ተነሳሁ?»

«እማማ፣ ይቅርታ ጠይቀናል እኮ» ይላል ሰብሳቢው።

«ይቅርታውን ተቀብያለሁ። የምፈልገው መልስ ነው።»

«እሺ፣ እንነጋገርበታለን» ይልና ስለ ጥበቃውና ስለ ቆሻሻው ይቀጥላል። አስተማሪዋ ስታገኘኝ «እማማ፣ ጎመን ልቁረጥልዎት?» ትለኛለች። መልካም ሴት ናት፤ ምንም አላደረገችኝም። ያንን ጎመን ግን እስካሁን አልቀመስኩም። በመሀል ሌላ ጠብ ተነስቶ ለሽምግልና ሲጠሩኝ እንቢ አልኩ። ልጄ «እማዬ፣ እንቢ ካልሽ ሁለተኛ አይጠሩሽም፤ ይረሱሻል» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ይህንኑ ነው የፈራሁት። ግን ሳይጠየቅ የሚነሳ ሰው ሆኜ ከመቀመጥ ተረስቼ መቅረት ይሻለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጨርቄን ዓይኔ ላይ አድርጌ ሶፋው ላይ ተጋድሜያለሁ። በር ተንኳኳ። ምራቴ ከፈተች።

«እማማ የሉም?» የሚል ወፍራም ድምፅ ሰማሁ። አወቅኩት።

«ዓይናቸውን እያሞቁ ነው። ይግቡ።»

ጨርቁን አላነሳሁም። ሳይቀዘቅዝ ከተነሳ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ለእሱ ብዬ ደግሞ አላነሳም።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ። ሹፌሩ።»

«የጎመኑ?»

«የጎመኑ» አለ፤ ወንበር ሲጎትት ሰማሁ። «እንዴት አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ለሰላምታ ነው የመጣኸው ወይስ ጉዳይ አለህ?»

ጉዳይ ነበረው። ከታናሽ ወንድሙ ጋር በመኪናዋ ተጣልተዋል። በጋራ የገዟት ናት፤ ወንድሙ ትሸጥ ይላል፣ እሱ አትሸጥም ይላል። የእናት ልጆች ፍርድ ቤት ከመሄዳቸው በፊት ሽማግሌ ይያዝ ተብሎ፣ እሱም ወንድሙም የየራሳቸውን መርጠዋል። የመሀሉ ቀርቷል።

«ማን ይሁን ሲሉኝ እርስዎን ጠራሁ። ወንድሜም እሺ ብሏል።»

«እኔ እኮ አልቃሽ ነኝ።»

«እማማ፣ ተዉኝ በናትዎት።»

«ወንድምህ ሲናገር ዓይኔ ቢያነባስ? ታስነሳኛለህ?»

«አላስነሳም።»

«ለምን? ጎመን ስላልሆነ?»

ምራቴ ከወጥ ቤት ሳቋን ስታፍን ተሰማኝ። እሱ አልሳቀም። ጅቡቲ ሲመላለስ ያረጀ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ድምፁ ሁልጊዜ ከሞተር በላይ ለመሰማት የሚጮህ ነው። አሁን ግን የሚሰማኝ ኮፍያውን በእጁ ሲያዟዙረው ብቻ ነው።

«ይቅርታ ለማለት ነው የ…»

«ይቅርታህን ድሮ ሰጥቼሃለሁ፤ ሳትጠይቅም ሰጥቼሃለሁ። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ከመለስክልኝ ለወንድምህና ላንተ እቀመጣለሁ። ካልመለስክልኝ በሩ ያው። ያን ዕለት ሳትጠይቀኝ ለምን አስነሳኸኝ?»

ምራቴ አዲስ የሞቀ ጨርቅ ይዛ መጥታ ነበር፤ እግሯ መሀል ወለል ላይ ሲቆም ሰማሁ። የልጅ ልጄም ቴሌቪዥኑን ዝም አሰኘችው። ያ ሰው በእነሱ ፊት ነው የመለሰልኝ። «ረስቼዋለሁ» ማለት ይችል ነበር፤ «መስሎኝ ነው» ማለት ይችል ነበር፤ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው፣ እኔም ከዚያ በላይ አላስገድደውም ነበር። ብዙ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ሲምልና ሲገዘት ሰምቻለሁ። እንዲህ ራሱን አሳልፎ የሰጠ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ በደሉን እንደጻፍኩ ይህንንም ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር፣ እንደተናገረው እጽፋለሁ።

«ያልቅሱ አያልቅሱ አላወቅኩም፤ ማወቅም አልፈለግኩም» አለ። «ብጠይቅዎት እውነቱን እንደሚነግሩኝ አውቃለሁ። እውነቱን ከነገሩኝ ደግሞ መቀመጥዎ ነው። ሌሎቹ ቢፈርዱብኝ ‘አድልተው ነው’ እያልኩ ለሰው አወራለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬም እያወራሁ ነው። እርስዎ ቢፈርዱብኝ ግን ምን ብዬ አወራ ነበር?»